ሳይባክን መኖር፦ ከጎንደር ይዤው የወጣሁት ልማድ

ፍራንክፈርት ውስጥ የምንኖር የጎንደር ልጆች ስንገናኝ አስቀድመን የምንጠያየቀው ስለ ቤተሰብ ጤንነት ነው፤ ቀጥሎ የሚነሣው ግን ብዙ ጊዜ «እነ እማዬ ዘንድ ውኃ መጥቷል ወይ?» የሚለው ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የአንገረብን ግድብ ተማምና የኖረች ሲሆን፣ ከተራቆቱት ተዳፋቶች በጎርፍ የሚወርደው አፈር ግድቡን እየሞላው ውኃ የሚይዝበት ቦታ ጠብቧል፤ ነዋሪው ደግሞ በዝቷል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ሰው ቁጠባን የሚማረው ገና በልጅነቱ፣ ጀሪካን ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ ነው። ዛሬ ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝም እናቶቻችን ጠብቀው ያቆዩት ይህ አያያዝ የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየቱና እኛው ከውጭ በምንልከው ገንዘብ ሊጠፋ መቃረቡ ነው።

እናቴ ልብስ ስታጥብ ሦስት ሳፋ ትደረድራለች። አንደኛው የሳሙና፣ ሁለተኛው የመጀመሪያ ማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው የመጨረሻ ማለቅለቂያ ነው። ነጠላውና ጋቢው ታጥቦ ሲያልቅ የሦስተኛው ሳፋ ውኃ አይደፋም፤ ለቀለማሙ ልብስ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ይሆናል፤ የሁለተኛው ደግሞ ለሥራ ልብስ መዘፍዘፊያ ይውላል። በስተመጨረሻ የሳሙናው ውኃ የግቢው ሲሚንቶ ይታጠብበትና የቀረው መጸዳጃ ቤት ይደፋል፤ ሳሙና ያልበዛበት ማለቅለቂያ ግን በአጥሩ ሥር ላለው ጌሾ ነው። ጤና አዳሙ አጠገብ የሳሙና ውኃ የደፋ ሰው ከእርሷ ተግሣጽ አያመልጥም። «ውኃ እኮ ሰው ተሸክሞ ያመጣው ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ እንዴት ይደፋል?» ትላለች።

ቧንቧ ሌትና ቀን በማይቋረጥበት አገር ስኖርም ይህ ልማድ አልተወኝም። አትክልትና ምስር ያጠብሁበትን ውኃ በሳፋ አጠራቅሜ በረንዳ ላይ ለተከልሁት በሶብላ አጠጣዋለሁ። በጀርመን ያስተዋልሁት ትልቁ ነገር ግን የሰዉ ጠባይ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። አንድ ሰው ውኃ ወይም ለስላሳ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲገዛ ከመጠጡ ዋጋ በላይ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ይከፍላል፤ ባዶውን ጠርሙስ በገበያ አዳራሹ ውስጥ ላለው ማሽን ሲመልስ ገንዘቡን ያገኛል። ይህ አሠራር አንድ ጊዜ አገልግለው ለሚጣሉ ጠርሙሶችና ቆርቆሮዎች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነ ነው። ዋጋ ያለውን ዕቃ ሰው አይጥለውም፤ የጣለ ቢኖር እንኳ ሌላው ያነሣዋል። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከሰፈራችን ሱቅ ለስላሳ ለመግዛት የተላከ ልጅ ባዶ ጠርሙስ ካልያዘ ወይ መያዣ ገንዘብ ያስቀምጣል፣ ወይ እዚያው ጠጥቶ ይመለሳል። ዘይትና ጋዝም የሚገዛው ከቤት በተወሰደ ጠርሙስ ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው የሚመለሰው የብርጭቆ ጠርሙስ ቀርቶ ማንም የማይጠይቀው ፕላስቲክ ሲተካ ነው፤ ዛሬ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርዱት ቦዮች ውስጥ ተወትፎ የሚገኘውም ይኸው ጠርሙስና ፌስታል ነው። የቀሃ ውኃ በየዓመቱ ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማየት ያማል።

ስለ ፌስታል ሕግ አልጠፋም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚመለከት ክልከላ ነበረው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እኔ ግን ከአዋጁ ይልቅ በዘንቢሉ ነው የማምነው። ቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ይዞ የሄደ ሰው ሽንኩርቱን፣ ድንቹንና ቃሪያውን በአንድ ላይ ይዞ ሲመለስ፣ ባዶ እጁን የሄደው ግን ለእያንዳንዱ አንድ ፌስታል ይዞ ይመጣል። ለዘመድ ስጦታ የምንልክ ሰዎች ደግሞ ዕቃውን በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልለን ከመላክ ብንቆጠብ መልካም ነው።

ምግብን በተመለከተ የማክለው ጥቂት ነው፤ የተረፈ እንጀራን አድርቆ ድርቆሽ የማድረግ ልማድ ያለው ቤት ምግብ አይጥልም፤ ጾሙን የሚጠብቅ ሰውም ከዓመቱ ብዙ ቀናትን ያለ ሥጋና ያለ ወተት ያሳልፋል። ማገዶው ግን ሰፋ ያለ ነገር ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ በፍራንክፈርት ያለነው በሳምንት አንድ ቀን ተሰባስበን በአንድ ሙቀት የሁላችንንም እንጀራ እንጋግራለን፤ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በሚቀረው ሙቀት ደግሞ ድርቆሹን እናደርቃለን። በጎንደር መብራት ሲጠፋ ክፍተቱ የሚሞላው በከሰልና በእንጨት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ጋር ሲነጻጸር ምርጥ ምድጃ የሚባለው፣ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ምድጃውን በኢትዮጵያ በማስፋፋት ረገድ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ብዙ ሠርቷል፤ እኔ የምኖርበት አገር ለእናቶቻችን ጭስ መቀነስ ድርሻ እንዳለው ሳውቅ በጣም ደስ ብሎኛል። ከተራራው ላይ የሚቆረጠው እንጨት በቀነሰ መጠን ወደ አንገረብ የሚወርደው አፈርም ስለሚቀንስ፣ የምድጃውና የቧንቧው ጉዳይ አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ባለፈው ክረምት ጎንደር ስገባ በየዘመዱ ቤት የታሸገ ውኃ በእሽግ በእሽግ ተደርድሮ አየሁ፤ የተገዛውም ከውጭ በተላከ ገንዘብ ነው። ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ለሕፃንና ለታመመ ሰው የግድ በመሆኑ ይህን አልነቅፍም። የሚያሳስበኝ ግን የምንልከው ገንዘብ የሚያልቅ ነገር ብቻ እየገዛ የሚቆይ ነገር አለመገንባቱ ነው። ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ እናታችን በጀሪካንና በሳፋ ስትደክም ማየት ስለሚያሳዝነው በየወሩ ለቦቴ ውኃ መክፈል ፈለገ። እኔም ድካሟ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ በላያችን እየፈሰሰ ውኃ በመኪና ማስጫን ተገቢ አልመሰለኝም። ከብዙ ክርክር በኋላ በዚያው ገንዘብ በጣሪያው ዙሪያ አሸንዳ አስገጠምንና ሮቶ አስቀመጥን።

ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው፤ ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ከዚህ ላይ የሚረጨውና የሚፈስሰው ይቀነሳል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ነው፤ በበጋ ጣሪያው ላይ የተጠራቀመውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዘው ስለሚወርዱ ወደ ሮቶው መግባት የለባቸውም። እኛ ቱቦውን በእጅ የሚነቀል አድርገነው፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ወደ ጌሾው ይለቀቃል። የሮቶው አፍ ትንኝ እንዳይራባበት በወንፊት ጨርቅ የታሠረ ሲሆን፣ ውኃው ለልብስ፣ ለዕቃና ለጽዳት እንጂ ሳይፈላ ለመጠጥ አይውልም።

እናቴ ሦስቱን ሳፋዎች አላነሣቻቸውም። ሮቶው ሞልቶ ማለቅለቂያውን ለጌሾ ስታቆይ በስልክ ያየ ወንድሜ ምክንያቱን ሲጠይቃት ክረምቱ ሲወጣ የሚያስፈልጋትን አስባ እንደሆነ ነገረችው። ጎረቤታችንም ከእኛ ጋር በሚዋሰነው የጣሪያዋ ወገን አሸንዳ አስገጥማ ከሮቶው ጋር ለማገናኘት ጠይቃናለች፤ ከግንቦት በፊት እንዲደርስ የቆርቆሮውን ዋጋ ወንድሜ፣ የሠራተኛውን እኔ ልንከፍል ተስማምተናል።