የጠፋው ማሳወቂያ፦ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የዲቫይስ ንባብና ጽሑፍ ቅደም ተከተል

የቨርትአዮ (ቨርቹዋል ማሽን ከሆስቱ፣ ማለትም ከሚያስተናግደው ኮምፒውተር ጋር ዳታ የሚለዋወጥበት ስታንዳርድ) ዲስክ ጭነት ሲበዛበት ምንም ስህተት ሳይመዘግብ ቀጥ ካለ፣ በቅድሚያ የማየው የሜሞሪ ባሪየሮቹን፣ ማለትም የንባብና የጽሑፍ ተራ እንዳይቀያየር የሚያግዱ ትእዛዞችን ነው።

በስፕሊት ሪንግ (የቨርትአዮ የጋራ ወረፋ አሠራር) በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ድራይቨር የዳታውን አድራሻና ርዝመት ዴስክሪፕተር ሰንጠረዡ ላይ ይጽፋል፤ የዴስክሪፕተሩን ቁጥር አቬይለብል ሪንጉ (ለሆስቱ የተዘጋጁ ጥያቄዎች ዝርዝር) ላይ ያስቀምጣል፤ የጽሑፍ ባሪየር ያደርግና የሪንጉን ኢንዴክስ (ስንት ጥያቄ እንደቀረበ የሚቆጥረውን) ያሳድጋል። ባሪየሩ ከተዘለለ ኤአርኤም ፕሮሰሰር ላይ ኢንዴክሱ ቀድሞ ሊታይ ይችላል፤ ሆስቱም ያረጀ ዴስክሪፕተር አንብቦ የሌላ ሥራ ሜሞሪ ሊያበላሽ ይችላል። ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) በተለመደው ሜሞሪ ላይ የጽሑፎችን ተራ ስለማያቀያይር እዚህ ላይ ኮምፓይለሩ ተራውን እንዳይቀይር መግታት ይበቃል።

አስቸጋሪው ቀጣዩ እርምጃ ነው። ድራይቨሩ ኢንዴክሱን ከጻፈ በኋላ ሆስቱ ማሳወቂያ ይፈልግ እንደሆነ ያነባል። ጽሑፍን ተከትሎ የሚመጣ የሌላ አድራሻ ንባብ ኤክስ86 ላይም ሊቀድም ይችላል፤ ጽሑፉ ገና ስቶር በፈር (ጽሑፎች ሜሞሪ ከመድረሳቸው በፊት የሚቆዩበት ቦታ) ውስጥ ሊሆን ይችላልና። ሆስቱ በበኩሉ ለመተኛት ሲል ማሳወቂያ መፈለጉን ይጽፍና ኢንዴክሱን እንደገና ያያል። ሁለቱም አሮጌውን ዋጋ ካነበቡ ድራይቨሩ አያሳውቅም፣ ሆስቱም ይተኛል። ስለዚህ ሙሉ ባሪየር በሁለቱም ወገን ያስፈልጋል፤ የአንዱ ብቻ ከንቱ ነው። ኢቨንት ኢንዴክስ የሚባለው ፊቸር (ሆስቱ በየትኛው ኢንዴክስ ላይ ማሳወቂያ እንደሚፈልግ የሚገልጽበት) ከበራ ደግሞ የማሳወቂያው ነጥብ አንዴ ታልፏልና ተከታዮቹ ጥያቄዎችም ሆስቱን አያነቁትም። ለማረጋገጥ የአቬይለብል ኢንዴክሱን ሆስቱ መጨረሻ ከወሰደው ቁጥር ጋር አነጻጽሩ። ኢንዴክሱ ቀድሞ ከሄደ፣ በእጅ የተላከ ማሳወቂያም ወረፋውን ካንቀሳቀሰው፣ ምክንያቱ ይኸው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ለአንድ ሲፒዩ ብቻ በተገነባ የሊኑክስ ከርነል የኤስኤምፒ (የብዙ ሲፒዩ) ባሪየሮች የኮምፓይለር ባሪየር ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ሆስቱ ግን ሌላ ኮር ላይ ይሠራል! በ2016 የወጣው 4.5 «ቨርት» በሚል ቃል የሚጀምሩ ባሪየሮችን የጨመረው ለዚህ ነው። ከቨርትአዮ ዲቫይሱ ጀርባ ያለው እውነተኛ ሃርድዌር ከሆነ እነዚህም ላይበቁ ይችላሉ፤ ፊቸር ቢት 36 (ድራይቨሩና ዲቫይሱ ሲስማሙበት የሚበራ አማራጭ) ድራይቨሩ የፕላትፎርሙን ባሪየር እንዲጠቀም ያስገድዳል።

ስለ ሪጂስተሮች፦ ኢሙሌት በተደረገ (በሶፍትዌር በተመሰለ) ዲቫይስ ላይ ቪሲፒዩው (የቨርቹዋል ማሽኑ ሲፒዩ) አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ እስኪፈጸም ይቆማል። ኬቪኤም (የሊኑክስ ቨርቹዋላይዜሽን ክፍል) የሚያጠራቅማቸው ጽሑፎችና በአይኦኢቨንትኤፍዲ (ቪሲፒዩውን ሳያስጠብቅ ምልክት ለሌላ ትሬድ በሚያደርስ መንገድ) የሚያልፉት ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። የተጠራቀመው ሳይራገፍ ማሳወቂያው በሌላ ትሬድ ከተስተናገደ ዲቫይሱ የቆየውን ሪጂስተር ይዞ ይነሣል፤ ተራቸው የሚጠበቅ ሪጂስተሮችን እንዲጠራቀሙ አታድርጉ። በፓስስሩ (በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽኑ) የተሰጠ የፒሲአይ ካርድ ላይ ደግሞ ጽሑፉ መንገድ ላይ ሊዘገይ ስለሚችል መድረሱን ማረጋገጥ ሲያስፈልግ ከዚያው ካርድ መልሶ ማንበብ ግድ ነው። ያንን ንባብ ኢሙሌሽን ውስጥ ስለሚያዘገይ ብቻ ከድራይቨሩ አታውጡት።