ኤስ ድራይቭ የጠፋበት ጠዋት

ትእዛዙ አጭር ነበር፤ ኮምፒውተሩን ትቶ የሚነሳ ሰው ካለ ስክሪኑ ከ10 ደቂቃ በኋላ በራሱ ይቆለፍ። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች የማስተዳደር ሥራውን ከጀመርኩ ገና ወራት ነበሩ፤ ይሄማ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው አልኩ።

በአንድ ጂፒኦ (ለብዙ ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች ሴቲንግ በአንዴ የሚያወርድ የዊንዶውስ ፖሊሲ) ውስጥ የስክሪን ሴቨር ሴቲንጎቹን ሞልቼ ኮምፒውተሮቹ ካሉበት ኦዩ (ኮምፒውተሮችና አካውንቶች በየምድባቸው የሚቀመጡበት ክፍል) ጋር ሊንክ አደረግሁት። ፖሊሲን ወዲያው የሚያድሰውን ጂፒአፕዴት የሚባል ትእዛዝ አስኬድኩ፤ ምንም። ሪስታርት አደረግሁ፤ ምንም። ፖሊሲ በራሱ የሚታደሰው በየ90 ደቂቃው ነው፣ እስከ 30 ደቂቃም ሊጨመርበት ይችላል፤ እሱንም ጠበቅሁ። አሁንም ምንም።

ለካ የሞላኋቸው ሁሉ ዩዘር ኮንፊገሬሽን ሥር ያሉ ናቸው። የዩዘር ሴቲንግ የሚከተለው የሰውየውን አካውንት ነው፤ አካውንቶቹ ደግሞ ሌላ ኦዩ ውስጥ ናቸው። ሰው የሌለበት ቤት ሳንኳኳ ነው የዋልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ሉፕባክ የሚባለውን አገኘሁ፤ የዩዘር ሴቲንግን በኮምፒውተሩ ኦዩ በኩል ያወርዳል። ሜርጅ እና ሪፕሌስ የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉት። ጠንከር ያለው ይሻላል ብዬ ሪፕሌስን መረጥኩ (ማብራሪያውን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም)። በሙከራ አካውንቴ ገብቼ አየሁት፤ ስክሪኑ ተቆለፈ። ያ አካውንት ግን እንደ ኤስ ያለ ድራይቭ (ሰርቨር ላይ ያለ የፋይል ማስቀመጫ) ተመድቦለት አያውቅም።

በማግስቱ ስልኩ አላርፍ አለ። «ኤስ ድራይቭ የለም»፣ «ፋይሌ የት ገባ?»፣ «ፕሪንተሬስ?» ፋይሎቹ ሰርቨሩ ላይ ደህና ናቸው፤ ይህን ግን ለደነገጠ ሰው በስልክ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

አለቃዬ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የትኞቹ ጂፒኦዎች እንደደረሱ የሚያሳየውን ጂፒሪዘልት አስኬደች። ዩዘር በሚለው ክፍል ድራይቩን የሚያገናኘው ጂፒኦ የለም። ሪፕሌስ በተጠቃሚው ኦዩ በኩል የሚመጣውን ትቶ በኮምፒውተሩ ኦዩ በኩል የሚመጣውን ብቻ ነው የሚወስደው።

«ለመሆኑ ምን ነበር የፈለግከው?»

ነገርኳት። ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን ከፍታ ሴኪዩሪቲ ኦፕሽንስ ውስጥ ገባች፤ ማሽን ኢንአክቲቪቲ ሊሚት የሚል መስመር ላይ ቆመች። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ እዚያው ነበር። የሚሞላው በሰከንድ ነው፤ 600 ብላ ጻፈች። የእኔን ሊንክ አነሳችና ምንም ሳትናገር ሄደች።

እኔ እስከ ምሳ ሰዓት «እባክዎ ሪስታርት ያድርጉ» ስል ቆየሁ፤ ለአንዳንዱም ሁለቴ።