ፒርሎን ሸኝቼ መጣሁ

አሁን ገና ቤት ገባሁ። መዳፌ ከማጨብጨብ ብዛት ቀልቷል፣ ድምፄም ተዘግቷል። ዛሬ ግንቦት 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ሚላን ሳን ሲሮ ስታዲየም ጣሊያናዊውን አማካይ አንድሪያ ፒርሎን በመሰናበቻ ጨዋታው ሸኘነው።

ከጎኔ አንድ ሸምገል ያሉ ጣሊያናዊ ተቀምጠው ነበር። ከጃኬታቸው ስር 21 ቁጥር የሚላን ማሊያ ለብሰዋል። ቁጥሩ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል። ከፊታችን ደግሞ የጁቬንቱስ ማሊያ የለበሰ ጎረምሳ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ጎን ለጎን አይቀመጡም። ዛሬ ግን እኩል ቆመው ለሁለቱም ክለቦች የተጫወተውን የፒርሎን ስም ይጠሩ ነበር።

እኔ በፈረንጆቹ 2006 ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ካለች ቤት፣ በርጩማ ላይ ሆኜ። ጣሊያን ከጀርመን፣ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ 119ኛው ደቂቃ። ኳሷ ፒርሎ እግር ስር ናት። ተከላካዮቹ ከበውታል። ሌላ ሰው በደነገጠ መትቶ ይገላገላት ነበር። እሱ አልቸኮለም። ትንሽ ገፋት፣ ገፋት፣ ከዚያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ለቡድን ጓደኛው ለግሮሶ ሰነጠቃት። ጎል! በርጩማው ከስሬ የት እንደገባ አላውቅም።

ፍጥነት አልነበረውም፣ ጉልበተኛም አልነበረም። ኳሷን ነው የሚያስሮጣት። ለእኔ ከዚያ በላይ አማካይ አላየሁም።

ሲሰናበት ሽማግሌው ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በማሊያው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አወለቁት።