ዘጠኝ ሜትር ወደ ታች

ለጅማ ሰው ጥልቅ ውኃ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ጉማሬ ነው። ቦዬ ረግረግ ዳር ቆመን፣ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ የሚመለከተንን ፍጡር እያየን ያደግን ሰዎች፣ ወደ ጥልቅ ውኃ በገዛ ፈቃድ መግባትን ድፍረት አንለውም። ዋና የተማርኩት ልጅ ሳለሁ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ያውም ወገብ በማያልፍ ውኃ። ዛሬ አዌቱ ውስጥ መዋኘት ቀርቶ እግሬንም አልነክርም።

ናይሮቢ የምትሠራው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሃምሳ ዓመት ስለሞላዎት ስጦታ አዘጋጅቻለሁ» ስትለኝ የጠበቅሁት ኮት ነበር። ስጦታው ስኩባ፣ ማለትም አየር በጀርባ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ሆኖ ተገኘ። ዋጋውን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ በየካቲት ተነሣሁ። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ያለውን መንገድ ተኝቼበታለሁ። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን ዋታሙ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ሦስት ሰዓት ያህል ተጨናንቄ ጌዴ ላይ ወረድኩና ባጃጅ ያዝኩ። ባለ ባጃጁ 600 ሺልንግ ተቀበለኝ። በማግሥቱ የእህቴ ልጅ ያንኑ መንገድ በ200 መጣች። አገሬ ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ሩብ ሰዓት የምከራከር ሰው፣ ቋንቋ ባጣሁበት አገር ዝም ብዬ ቆጥሬ ሰጠሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት አይረሳኝም። ጅማ በየካቲት ሌሊት ጋቢ ትፈልጋለች፤ እዚያ ግን ቆዳዬንም ባወለቅሁ አሰኘኝ። በስድስት ሰዓት ግድም መብራት ሄደና ማራገቢያው ቆመ። አጎበሩ ጡጫ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው፤ ትንኞቹም ከእኔ ቀድመው አውቀውታል። ራሴን በጥፊ ስመታ ነጋ። ጠዋት አስተናጋጁ ቡና ብሎ ያመጣልኝ ዱቄት በሙቅ ወተት የተበጠበጠ ነገር ነበር። ሽቼ አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት።

ለማኩረፍ ወደ መንደሩ ስወጣ፣ አንድ ሽማግሌ ጀበና የሚመስል የናስ ዕቃ ከሰል ላይ ጥደው እጀታ በሌለው ትንሽ ስኒ ሲቀዱ አገኘሁ። ስኒው ቁርጥ የእኛው ነው። ካሃዋ ይሉታል። ዝንጅብሉ ቡናውን አሸንፎታል፤ ቢሆንም ሦስት ጠጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ የምንሄድበት ጀልባ ባለቤት ሆነው ተገኙ። የምንነሣው ስንት ሰዓት እንደሆነ በምልክት ብጠይቃቸው «ሳ ታቱ» አሉኝ። ኋላ የእህቴ ልጅ ተረጎመችልኝ፦ ሦስት ሰዓት። ስዋሂሊዎችም እንደ እኛ ቀኑን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው። አሠልጣኙ «ዘጠኝ ሰዓት» ባለኝ ጊዜ ከሰዓት በኋላ መስሎኝ ነበር። ከአገሬ ከወጣሁ ሰዓት የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ባሕሩ የተጠበቀ ነው። የዋታሙ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ከጎረቤቱ ከማሊንዲ ጋር የተከለለው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በክልሉ ውስጥ ዓሣ ማጥመድም ሆነ ዛጎል ማንሣት ክልክል ነው። ከፓርኩ ውጭ ባለው ጥብቅ ቦታ ግን የአካባቢው ሰው በባህላዊ መንገድ ያጠምዳል። ከፋ ጫካም እንዲሁ ነው፤ መሀሉ አይነካም፣ ዙሪያው ላይ ቡና ይለቀማል።

ጀልባዋ ላይ አስታወክሁ። ባለ ጀልባው ምንም ሳይናገሩ ግንባሬን ደገፉልኝ፤ ከኪሳቸውም ቁራሽ ዝንጅብል አውጥተው ሰጡኝና አኘክሁ። ወዲያው የአየር ሲሊንደር ጀርባዬ ላይ፣ የእርሳስ ቀበቶ ወገቤ ላይ ታሠረ። አሠልጣኙ ደጋግሞ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ ትንፋሽህን አትያዝ። ፈርቶ ትንፋሹን የማይይዝ ሰው እንዴት ያለ ነው?

ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ1,700 ሜትር በላይ ያለችው ጅማ እስኪደረስ የአየሩ ግፊት የሚቀንሰው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ውኃ ውስጥ ግን አሥር ሜትር መውረድ ብቻ ግፊቱን እጥፍ ያደርገዋል። ጆሮዬ ይህን ከመጽሐፍ በፊት አወቀ። በየሜትሩ አፍንጫዬን ይዤ ካልነፋሁ፣ ውስጥ ገብቶ በቡጢ የሚመታኝ ያለ ይመስላል።

አምስት ሜትር ላይ ሕመሙ ለቀቀኝና ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም አውራ ጣቴን አንሥቼ ገለጽሁ። አሠልጣኙ ክንዴን ይዞ ወደ ላይ ይጎትተኝ ጀመር። ለካ በጠላቂዎች ቋንቋ አውራ ጣት «እንውጣ» ማለት ኖሯል። ደህና መሆንን ለመግለጽ አውራ ጣትና ሌባ ጣትን ቀለበት ማድረግ ያስፈልጋል። ተምሬው ነበር፤ ረሳሁት። እንደገና ወረድን።

ዘጠኝ ሜትር ላይ የእህቴ ልጅ ቀይ የዋና ልብስ የቆሸሸ ቡኒ ሆኗል፤ ውኃ ከቀለማት ሁሉ መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ነው። ኮራሉ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ጥላ ሥር ትናንሽ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። በሰሳና በዋንዛ ጥላ የሚያድግ ቡና ትዝ አለኝ። ኮራል ግን ተክል አይደለም፤ የጥቃቅን እንስሳት መንደር ነው። ቀለሙንና አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ውስጡ ከሚኖር ዋቅላሚ (አልጌ) ነው፤ ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ዋቅላሚውን ያባርርና ነጭ ይሆናል፣ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። የኬንያ ዳርቻ በ1998 እ.ኤ.አ. ክፉኛ የተመታው እንዲህ ነው። ዐፅም የመሰለ ግራጫ ቦታ ዛሬም አይቻለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ድምፁ ነው። ባሕር ዝም ያለ መስሎኝ ነበር። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ያለ ይመስል ከግራም ከቀኝም ቀጭ ቀጭ ይላል። ዘወር ብል በቀቀን የሚመስል አፍ ያለው አረንጓዴ ዓሣ ድንጋዩን ይገምጣል። የሚበላው እላዩ ላይ የበቀለውን ዋቅላሚ ነው፤ የተፈጨው ድንጋይ ከኋላው እንደ ጭስ ይወጣል። በባዶ እግሬ የረገጥሁት ነጭ አሸዋ በከፊል የዚህ ዓሣ ኩስ ኖሯል። ያንን እያሰብሁ ስስቅ ውኃ ዋጥኩ።

ኤሊም አየሁ፤ እሷ ግን አላየችኝም፣ ወይም ለማየት አልፈለገችም።

በዚያው ቀን ሁለት ጊዜ ጠለቅሁ። ስንወጣ ለአራት ፎቶግራፍ 2,500 ሺልንግ ተጠየቅሁ፤ በሦስቱ ዓይኔ ተጨፍኗል። ከፈልኩ። ከዚያ አሠልጣኙ ለ18 ሰዓት አውሮፕላን እንዳልሳፈር አስጠነቀቀኝ። ግፊቱ ሰውነት ውስጥ ያሟሟው ናይትሮጅን፣ ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ አምቦ ውኃ ደም ውስጥ አረፋ ሊያወጣ ይችላል። «አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ሁለት ሺህ ሜትር አካባቢ ካለ ተራራ አየር ጋር ይመሳሰላል፤ እንኳን መብረር ተራራም እንዳትወጣ» አለኝ። ያ የሚያስፈራኝ ተራራ ቤቴ እንደሆነ የእህቴ ልጅ ብታስረዳው፣ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

ጅማ በገባሁ በማግሥቱ ጎረቤቴ እትዬ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። አቦሉ ላይ ሁሉንም አወራሁላቸው።

«ታዲያ ስንት ዓሣ ያዝክ?»

«መንካትም አይፈቀድም፣ እትዬ።»

«ያን ሁሉ ገንዘብ ተከፍሎ?»

«ተከፍሎ።»

ቶናውን ቀድተው ሰጡኝና ለልጃቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት። ልጅቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ኦሮምኛ እንደምሰማ ዘንግተው አልነበረም።