ጠንካራው ትሬቲኖይን ፊቴን ካቃጠለው በኋላ

ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ብጉር ተመልሶ መጣብኝ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ግንባሬ ላይ ይወጣ እንደነበረው ዓይነት አይደለም። አገጬና መንጋጋዬ ላይ፣ ከቆዳ ሥር የሚጠዘጥዝ፣ አፍ እስኪያወጣ ሳምንት የሚፈጅ ነው። ብጉሩን እችለው ነበር። ያስለቀሰኝ ትቶት የሚሄደው ጥቁር ምልክት ነው፤ ብጉሩ በአሥር ቀን ሲከስም ጥቁረቱ አራትና አምስት ወር ይቀመጣል። ጠይም የሆነ ሰው ይህን ያውቃል።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መጀመሪያ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ መድኃኒት ቤት ገብቼ «ሬቲኖል» የሚል ሴረም ገዛሁ። ስንት ፐርሰንት ሬቲኖል እንዳለው ጠርሙሱም ካርቶኑም ላይ አልተጻፈም። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ተቀባሁት። ቆዳዬ ለስለስ አለ፣ ብጉሩ ግን እንደነበረ ቀረ።

ያኔ ያልገባኝን አሁን አውቀዋለሁ። ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ አንዱ መልክ ቢሆንም እንዳለ አይሠራም። ቆዳችን መጀመሪያ ወደ ሬቲናል፣ ቀጥሎ ወደ ሬቲኖይክ አሲድ ይለውጠዋል። ሴሎቹን ቶሎ ቶሎ እንዲታደሱ፣ ቀዳዳዎቹም እንዳይደፈኑ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ደግሞ ከተቀባነው ጥቂቱ ብቻ ነው። «ሬቲኒል ፓልሚቴት» የሚል ካያችሁ እሱ ከሬቲኖልም አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው። በሐኪም ማዘዣ የሚሰጠው ትሬቲኖይን ግን ራሱ ሬቲኖይክ አሲድ ስለሆነ መለወጥ አያስፈልገውም። አሜሪካ ውስጥ ለብጉር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ያን ያህል ዘመን ሲመረመር የኖረ መድኃኒት ነው። ሴረሙ ግን በሕግ መዋቢያ እንጂ መድኃኒት ስላልሆነ ብጉር እንደሚያድን ማረጋገጫ ማቅረብ አይጠበቅበትም።

ስለዚህ ቀጠሮ ያዝኩ። የቆዳ ሐኪሟ ፊቴን በመብራት አይታ 0.05 ፐርሰንት ትሬቲኖይን ክሬም ጻፈችልኝ። «በሦስት ቀን አንዴ ጀምሪ፣ አተር የምታህል ብቻ» አለችኝ። ኢንሹራንሴ ለብጉር እንጂ ለውበት አለመሆኑን ሐኪሟ እስክትጽፍለት ድረስ አልከፍልም ስላለ ክሬሙ እጄ የገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያ ሁሉ ጥበቃ አጣደፈኝ። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበርና በየማታው፣ ያውም ጥቅጥቅ አድርጌ መቀባት ጀመርኩ።

በስድስተኛው ቀን የአፍንጫዬ ጥጎችና የከንፈሬ ዳር መላጥ ጀመሩ። ፊቴን በውኃ ስነካው ያቃጥለኛል፤ ሽሮ ስበላ የከንፈሬ ዳር በበርበሬው ይለበለባል። «እየሠራ ነው» ብዬ ቀጠልኩ። ለሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ቅንድቤንና የላይ ከንፈሬን ዋክስ ላስደርግ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ምን እንደምቀባ አልጠየቀችኝም፣ እኔም መናገር እንዳለብኝ አላወቅኩም። ጨርቁን ስታነሳው የላይ ከንፈሬ ቆዳ አብሮ ተነሳ። እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አውራ ጣት የምታህል ቦታ። በማግስቱ እማዬ በቪዲዮ አይታኝ «ልጄ፣ ፊትሽን ምን ነካው? እሳት ዳር ነው እንዴ የምትውዪው?» አለችኝ።

ቁስሉ በሳምንት ዳነ። ቦታው ግን ጠቆረ፣ ከየትኛውም ብጉር ምልክት በላይ ጠቆረ፣ ሰባት ወርም ቆየ። እንደኛ ያለ ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ቀለም ያመርታል፤ ብጉር አስቆጣው፣ መድኃኒት አስቆጣው፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። ጥቁረት ላጠፋ ብዬ የገዛሁት ነገር በራሴ ጥድፊያ ጥቁረት ጨመረብኝ።

ከዚህ ያወጡኝ የሰፈራችን መድኃኒት ቤት የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የኛው አገር ሰው። ክሬሙን እንደያዝኩ ቫዝሊን ልገዛ ገብቼ አዩኝ።

«ስንት ነው የምትቀቢው?» አሉኝ። ጣቴ ላይ አሳየኋቸው።

«ይሄ እኮ ለሳምንት ይበቃል! ሐኪሟ ምን ብላሽ ነበር?»

«በሦስት ቀን አንዴ፣ ጋሼ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ቆዳው እስኪድን ሁሉንም እንዳቆም፣ ሐኪሟንም እንዳማክር መከሩኝና ከመደርደሪያው ላይ አዳፓሊን የሚባል የትሬቲኖይን ዘመድ የሆነ የብጉር መድኃኒት፣ 0.1 ፐርሰንት ጄል አሳዩኝ።

አዳፓሊን እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ አይገኝም ነበር፤ አሁን ከሻምፑው ጎን ተቀምጦ ይሸጣል። 0.3 ፐርሰንቱ ግን ዛሬም ማዘዣ ይጠይቃል። እንደ ሬቲኖል መለወጥ አያስፈልገውም፣ ራሱ መድኃኒት ነው። ከቆዳ ጋር ያለው ጠብ ግን ከትሬቲኖይን ያነሰ ነው፤ ብርሃን አያበላሸውም፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሚባለው ሌላ የብጉር መድኃኒት ጋርም ይስማማል። ለሐኪሟ ደውዬ ነገርኳትና ተስማማች። «የምትዘልቂበትን ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ሁለተኛውን ዙር እንዲህ ጀመርኩት። ማታ ፊቴን በለስላሳ ሳሙና ታጥቤ በደንብ እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ። የአፍንጫዬንና የከንፈሬን ጥግ ቫዝሊን አስነካዋለሁ። ፊቴን ቀለል ያለ ማለስለሻ እቀባና በላዩ አተር የምታህል ጄል ለፊቴ በሙሉ አዳርሳለሁ፤ ብጉሩ ላይ ብቻ መጠቅጠቅ ጥቅም የለውም፣ መድኃኒቱ ገና ያልወጣውን ነው የሚከለክለው። የመጀመሪያው ወር ሰኞና ሐሙስ ብቻ። ሁለተኛው ወር በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከዚያ አንድ ቀን እያለፍኩ። በሦስተኛውና በአምስተኛው ሳምንት መካከል ብጉሩ ባሰብኝ፤ ውስጥ ያደረው እየወጣ መሆኑን ስለተነገረኝ አልተውኩትም። እሑድ እሑድ እዚያው መስኮት ሥር ፎቶ እነሣ ነበር። መስታወት በየቀኑ ስናየው ምንም የተለወጠ አይመስልም፣ የአንደኛውንና የአሥራ ሁለተኛውን ሳምንት ፎቶ ጎን ለጎን ሳደርግ ግን የአገጬ እብጠት ጠፍቷል። አዲስ ብጉር ካልወጣ አዲስ ጥቁረት የለም፤ የቀድሞው ቀስ በቀስ በራሱ ፈዘዘ።

ትሬቲኖይን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለፊት መስመሮችና ፀሐይ ለጎዳው ቆዳ ከሁሉም የበለጠ የተመሰከረለት እሱ ነው፤ እድሜዬ ሲገፋ በ0.025 ፐርሰንት ልመለስበት አስቤአለሁ። የእኔ ጥያቄ ግን ብጉርና ጥቁረት ነበር፤ ለዚያ አዳፓሊን በቂ ሆነ። ሬቲኖል ደግሞ ብጉር ለሌለው፣ ቆዳው ሌላውን ለማይችል ሰው ይሆናል፣ ፐርሰንቱ ከተጻፈበት። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ደንብ የፊት ቅባት ላይ ከ0.3 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ «1 ፐርሰንት» የሚል ጠርሙስ ሳይ አሁን አልጓጓም። የማዘዣው ትልቁ ጥቅምም ለእኔ የመድኃኒቱ ጉልበት ሳይሆን ፊቴን አይቶ «ቀንሺ» የሚለኝ ሰው መኖሩ ነው።

ይህንን በደንብ ያየሁት በእህቴ ነው። አዲስ አበባ ነው ያለችው። ለማድያቷ «ያንቺን ላኪልኝ» ስትለኝ የምትቀባውን ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ለመንኳት። ያለ ማዘዣ የገዛችው ቱቦ ነው። አጉልቼ ሳነበው ሦስት ነገር አለበት፤ ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይን እና ሞሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ። ሐኪም ሲያዝዘው ለተወሰኑ ሳምንታት እየተከታተለ ነው። እህቴ ዓመት ሙሉ ተቀብታዋለች። ጉንጮቿ ቀልተው ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ሁለት ቀን ካልተቀባች ፊቷ ይነድዳል። ስቴሮይድ ሲበዛ ቆዳን ያሳሳል፤ በድንገት ሲቆምም ያገረሽበታል። በዚያ ላይ ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ እያሰበች ነበር። የሚዋጠው የትሬቲኖይን ቤተሰብ መድኃኒት፣ አይሶትሬቲኖይን፣ ጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ቢሆንም ሐኪሞች በእርግዝና ወቅትና ለማርገዝ ሲታሰብ እንዲቆም ይመክራሉ። እሷ ግን ቱቦው ውስጥ ትሬቲኖይን መኖሩንም አታውቅም ነበር።

አዳፓሊን አልላክሁላትም። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ሐኪሟም ቀስ በቀስ አስቆመቻትና በእርግዝና ጊዜም የሚፈቀደውን አዜላይክ አሲድ ጀመረችላት። ከዚያ ወዲያ እህቴ ከእኔ የጠየቀችው የፀሐይ መከላከያ ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ብርድ እያለም ትበላለች። ማድያትን የሚያባብሰው ደግሞ የሚታየው ብርሃንም ስለሆነ ብረት ኦክሳይድ ያለበትን፣ የቆዳ ቀለም የሚመስለውን መርጬ ሦስት ቱቦ በሰው እጅ ላክሁላት። ቀለሙ ለፊቷ ትንሽ ፈክቷል አለችኝ። የሚቀጥለው መንገደኛ ለፋሲካ ይሄዳል፣ ጠቆር ያለውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።