ለገና፦ እግር ስለሚያጥቡ ሰዎች

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ጾሙን አስፈጽሞ ለዚህ ቀን ያበቃን አምላክ ይመስገን።

ገና ሲመጣ ሐሳቤ ላሊበላ ይሄዳል። ስለ ላሊበላ ገና ሲወራ ሁሉም የሚያነሣው ቤዛ ኩሉ የተባለውን የልደት ዝማሬ ነው። እውነትም በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ልብ ይነካል። እኔን ግን ይበልጥ የሚነካኝ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የሚሆነው ነው። ከየገጠሩ በእግሩ ስንት ቀን ተጉዞ የመጣ ምእመን ከተማዋ ሲደርስ የአገሩ ሰው ወጥቶ ይቀበለዋል። «አረፍ ይበሉ አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ» ይባላል። ከዚያ ውኃ ይመጣና እግሩ ይታጠባል። አቧራ የጠገበ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ እግር ነው። ወጣቱ በርከክ ብሎ የማያውቃቸውን ሽማግሌ እግር በእጁ ያሻል፤ በጣቶቹ መሐል የገባውን ጭቃ ሳይቀር ያወጣል። ሽማግሌው ደግሞ ራሱን ዳብሰው ይመርቁታል።

ልብ በሉ፣ የላሊበላ ሰው ይህን የሚያደርገው ተርፎት አይደለም። ቱሪስት በጠፋባቸው ዓመታት፣ ከዚያም በጦርነቱ፣ የብዙ ቤት ኑሮ ተናግቷል። እግር ለማጠብ ግን ውኃና ጉልበት ይበቃል። መቼም ጌታ ራሱ በመጨረሻዋ ማታ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንድ ነገር ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ብዙዎቻችን አገልግሎትን ለኋላ እንቀጥረዋለን። ቤቱ ይለቅ፣ ልጆቹ ይድረሱ፣ ዕዳው ይከፈል፣ ከዚያ ሲመቸኝ እግዚአብሔርን አገለግላለሁ፣ ሰው እረዳለሁ እንላለን። ሕይወት መጀመሪያ ሞልቶ፣ ከሞላው ላይ የሚተርፈው ለሌላው የሚሰጥ ይመስለናል። እኔ ያየኋቸውና የሰማኋቸው ደስተኛ አማኞች ግን ሁሉም የጀመሩት ሳይሞላላቸው ነው። የሞላላቸው ከጀመሩ በኋላ ነው።

ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያም ለመሳለም ወሎ ሄዱ። እንደማንኛችንም ሊሳለሙና ሊጸልዩ ነው የሄዱት። አካባቢውን ረሃብ መትቶት ነበር። መንገድ ላይ የሞተች እናቷ አጠገብ የቀረች ሕፃን አዩ። የያዙትን ጥቂት ዳቦና ጠበል ለተራበው አካፈሉ፤ ሕፃኗንና ሌላ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ይሄን ያህል ልጅ በአንድ ቤት! ባለቤታቸው አልተስማሙም፣ ዘመድም አበደች አለ። እሳቸው ግን ትዳራቸውን ትተው፣ ደህና ሥራቸውን ትተው፣ ከልጆቹ ጋር ኑሮን ከዜሮ ጀመሩ። ምግብ እየሠሩ እየሸጡ አሳደጓቸው። ያቋቋሙት ማኅበር በኋላ ስንቱን ልጅ እንዳስተማረ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮሮና ምክንያት ሲያርፉ ያለቀሰላቸው አገር ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የመንገዱ ነገር ነው። ግሸን ደርሶ መሳለም፣ ጠበሉን ይዞ መመለስ፣ ቤት ገብቶ ማመስገን ይበቃ ነበር። ማንም «ለምን አለፍሽ?» አይላቸውም፤ የተራበው ብዙ ነው፣ የእሳቸው አቅም ትንሽ ነው። እሳቸው ግን ጸሎታቸውንና ሕፃኗን አልለያዩም። ለእኔ እምነት ማለት እዚህ ጋ ነው የሚታየው።

ሁለተኛው ታሪክ ከሐኪም ቤት ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ ሲመጡ ውላቸው የ3 ዓመት ነበር። አጥባቂ ክርስቲያኖች ነበሩ። ምጥ ረዝሞባቸው ተጎድተው ሽንት የሚያመልጣቸውን፣ ባል የፈታቸውን፣ ከሰው የተገለሉትን እናቶች ሲያዩ መመለስ አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 ፊስቱላ የሚባለውን ይህን ጉዳት የሚያክመውን ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ባልየው እ.ኤ.አ. በ1993 አረፉ፤ እሳቸው ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በ96 ዓመታቸው እዚሁ እኛው ጋ አረፉ።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን የማሚቱ ጋሼን ነገር ነው። ማሚቱ በልጅነቷ ታካሚ ሆና ነው ወደ እነሱ የመጣችው። ከገጠር የመጣች፣ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች ልጅ ነበረች። ሲሻላት እዚያው አልጋ በማንጠፍ ጀመረች። ከዚያ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያ መርዳት፣ ቀስ በቀስ ራሷ መስፋት። ዛሬ በዓለም ደረጃ የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ናት፤ የተማሩ ሐኪሞችን አሠልጥናለች። ሐምሊኖች ቢያዝኑላት ብቻ ኖሮ አክመው ይሸኟት ነበር። ጎንበስ ብለው አገለገሏት፤ እሷም በተራዋ ጎንበስ አለች።

ይህን ስል «እኔ 21 ልጅ ማሳደግ አልችልም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሁላችንም አንችልም። ደጀ ሰላም ጓዳ ውስጥ በበዓል ቀን ድስት የሚያጥቡ እናቶች አሉ። ማንም ስማቸውን አይጠራም። ነጠላቸውን አገልድመው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጥላሸቱ እስኪለቅ ይፈገፍጋሉ። እንግዳው በልቶ ከሄደ በኋላ የተረፈውን ቆመው ይቀምሳሉ። ከእነሱ አንዷን አውቃለሁ፤ ልጅ ቀብራለች፣ ጡረታዋ የወር አስቤዛ አትሞላም። ፊቷ ላይ ያለውን ሰላም ግን ብዙ ባለሀብት ቤት ፈልጌ አላገኘሁትም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ በዓል ዶሮም፣ ዱቄትም፣ ዘይትም ስትሰጡ የተቀባዩን ፊት አትቅረጹ። ስጦታው ጥሩ ነው፤ ግን እናት ዘይት ስትቀበል ልጇ በስልክ የሚያያት መሆኑን አስቡ። ጌታ ግራህ ቀኝህ የሚሠራውን አይወቅ ያለው የሚቀበለውንም ሰው ክብር ጠብቆ ይመስለኛል። ሄዳችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉ፤ ቡናውን አብራችሁ ጠጡ። ከዘይቱ ይልቅ ይሄ ነው የሚቀረው።

ውጭ አገር ያላችሁም አልረሳኋችሁም። አሜሪካና አውሮፓ ለናንተ ገና የሥራ ቀን ነው፤ ሌሊቱን ቅዳሴ ቆማችሁ ጠዋት ፈረቃ የምትገቡ አላችሁ። ቤሩት፣ ዱባይ፣ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ ደግሞ የሰው ድግስ ስታሰናዱ በዓላችሁ ያልፋል። የሰው አዛውንት አጥባችሁ፣ የሰው ልጅ አቅፋችሁ የምታድሩበት እጅ በእግዚአብሔር ፊት የተናቀ አይደለም። አገር ቤት ያለን ደግሞ «ብር ደረሰ» ከማለት በፊት «እንዴት አደርሽ? በላሽ ወይ?» እንበላቸው።

በገና ቀን ተረኛ የሆናችሁ ነርሶች፣ ዘበኞች፣ ሾፌሮች፣ በሽተኛ የምታስታምሙ፣ እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ያድስ። የታመመውን ይማርልን፣ የተሰደደውን ለቤቱ ያብቃልን፣ ጦርነት ባለበት ሁሉ ሰላም ያውርድልን። እኔም ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ወደዚያች እናት ቤት ነው የምሄደው፤ ዶሮውን እሷ ትሠራለች፣ ድስቱን እኔ አጥባለሁ ብያታለሁ።

መልካም ገና ይሁንላችሁ።