ጋሽ ብርቱካንና ጋሽ ቀዩ

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሎረል አካባቢ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ነው። ሎረል ባልቲሞርና ዋሽንግተን መሀል ላይ ያለች ከተማ ናት። ወደ ሰሜን ከነዳህ ባልቲሞር፣ ወደ ደቡብ ከነዳህ ዲሲ ትገባለህ። ትራፊክ ከሌለ ሁለቱም ግማሽ ሰዓት ገደማ ናቸው። ትራፊክ ግን ሁሌም አለ።

ነርስ ረዳት ነኝ። ሥራው ለሐበሻ አዲስ አይደለም፤ እኛ ፎቅ ላይ አማርኛ የማይሰማበት ሺፍት የለም። የነዋሪ ስም እየጠሩ ኮሪደር ላይ ማውራት ስለማይፈቀድ፣ ለብዙዎቹ የራሳችን ቅጽል ስም አለን። ጋሽ ብርቱካን፣ ጋሽ ቀዩ፣ እትዬ ሪችመንድ። የማወራችሁ የእነሱን ነገር ነው። ዓመቱ በፈረንጅ 2019 ነው።

መጀመሪያ ቤዝቦልን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። እንደ እግር ኳስ በሳምንት አንዴ የሚጠበቅ ጨዋታ አይደለም። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጊዜ ይጫወታል። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ማታ ነው፣ እኛ ጋ ራት ተበልቶ ትሪ ሲነሳ። ለአንድ ብቸኛ ሽማግሌ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ።

ጋሽ ብርቱካን የባልቲሞር ልጅ ናቸው። ኦሪዮልስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድን በ1954 ከሴንት ሉዊስ ተነስቶ ባልቲሞር ሲገባ ገና የአስር ዓመት ልጅ ነበሩ። ብርቱካንማና ጥቁር ቆባቸው ከራሳቸው አይወርድም። ገላቸውን ስታጥባቸው እንኳ ቆቡን የት እንደምታስቀምጥ እሳቸው ናቸው የሚያዙህ።

ጋሽ ቀዩ ደግሞ የዋሽንግተን ተወላጅ ናቸው። የኮሪያ ዘማች ናቸውና ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቁ መጀመሪያ ያነሱልኝ ቃኘው ሻለቃን ነው። ሁለተኛ ያነሱልኝ ሴናተርስን ነው። ሴናተርስ የልጅነት ቡድናቸው ነበር፤ እሱም ሁለት ጊዜ ጥሏቸው ሄዷል። የመጀመሪያው ከ1960 የውድድር ዘመን በኋላ ሚኒሶታ ገባ። በምትኩ የተቋቋመው ሁለተኛው ሴናተርስ ደግሞ ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ተሻገረ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1971፣ የስንብቱ ጨዋታ ላይ ጋሽ ቀዩ ስታዲየም ነበሩ። ሴናተርስ የኒው ዮርኩን ያንኪስን 7 ለ 5 እየመራ፣ ጨዋታውን ለመጨረስ ከተጋጣሚው አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ሲቀረው፣ ሕዝቡ ሜዳ ገባ። ሣሩን ነቀለ፣ ያገኘውን ይዞ ወጣ። ጨዋታው ተቋረጠና ለያንኪስ ፎርፌ ተሰጠ። ጋሽ ቀዩ «እኔ ሜዳ አልገባሁም» ይላሉ። ልጃቸው ግን አባቷ ጋራዥ ውስጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ ደረቅ ሣር አይቻለሁ ትላለች።

ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን 33 ዓመት ያለ ቡድን ኖረች። ቤዝቦል የሚወድ ሰው መኪናውን አስነስቶ ባልቲሞር ከመሄድ ሌላ ምን ያድርግ? ጋሽ ቀዩም ልጆቻቸውን ጭነው ሄዱ። በ1983 ኦሪዮልስ ዋንጫ ሲያነሳ ጨፈሩ። በ1992 ካምደን ያርድስ የሚባለው አዲሱ ስታዲየም ሲከፈት ሄደው አዩት። የኦሪዮልሱ ተጫዋች ካል ሪፕከን በሴፕቴምበር 1995 ሳያቋርጥ 2,131ኛ ጨዋታውን የተጫወተ ማታ አለቀሱ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሰው ኦሪዮልስ ሆኗል ትላለህ። በ2005 ግን የሞንትሪያል ቡድን ወደ ዋሽንግተን መጣና ናሽናልስ ተባለ። ጋሽ ቀዩ ውለው ሳያድሩ ቀይ ቆብ ገዙ።

ጋሽ ብርቱካን ይቅር ያላሉት ይህቺን ነው። «33 ዓመት ቤታችን ስትበላና ስትጠጣ ኖረህ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳትል ወጣህ» ይሏቸዋል በየማታው። ሐበሻ ቢሆኑ የበላበትን ወጭት ሰባሪ ብለው በአጭሩ ይገላገሉ ነበር።

ጋሽ ቀዩም መልስ አያጡም። ያኔ የኦሪዮልስ ባለቤት የነበሩት ፒተር አንጀሎስ ዋሽንግተን ቡድን እንዳታገኝ ጥርሳቸውን ነክሰው ታግለዋል። ገበያዬን ይሻማኛል ነው ነገሩ። «ዕድሜ ልካችንን እንግዳ ሆነን እንድንቀር ነበር የፈለጋችሁት» ይላሉ ጋሽ ቀዩ። እዚህ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ የእሳቸው ወገን ነኝ። አንጀሎስን ለማባበል ማስን የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ተቋቁሞ ትልቁ ድርሻ ለኦሪዮልስ ተሰጠ። የናሽናልስም ጨዋታ በዚያው ጣቢያ ይተላለፍ ጀመር። በገንዘቡም ሁለቱ ቡድኖች ለዓመታት ተካሰዋል። ስለዚህ ጋሽ ቀዩ ቡድናቸውን ሲያዩ፣ ጋሽ ብርቱካን ከኋላ «ቲቪውም የኛ ነው» ይላሉ። ውሸት አይደለም።

እትዬ ሪችመንድ ከቨርጂኒያ ናቸው። ቨርጂኒያ በትልቁ ሊግ የራሷ ቡድን የላትም። ሪችመንድ ከተማ ግን ከ1966 እስከ 2008 ድረስ የአትላንታ ብሬቭስ ወጣቶች አትላንታ ከመግባታቸው በፊት የሚጫወቱባት ነበረች። በኋላ ስመ ጥር ተጫዋች የሆነውን ቺፐር ጆንስን ማንም ሳያውቀው እኛ አይተነዋል ብለው ይኮራሉ። ሜሪላንድንም ዲሲንም አንድ ላይ ጠቅልለው «እናንተ ሰሜነኞች» ነው የሚሉት።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ብዙም አይገርመውም። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር አይተናል። የኛዎቹ ግን ቢያንስ በመሀል ፋታ አላቸው።

እና የጁላይ 4 ቀን መጣ። በዓል ስለሆነ አንድ ተኩል ይከፈላል፤ ሐበሻ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። እኔም ደብል፣ ማለትም ሁለት ሺፍት፣ ይዤ ነበር። ናሽናልስ በዚያ ቀን ጨዋታውን የሚጀምረው ከምሳ በፊት ነው። ሳሎኑ ሞልቷል። ብሔራዊ መዝሙሩ በቲቪ ሲጀምር ጋሽ ቀዩ ዎከራቸውን (የመራመጃ መደገፊያቸውን) ጨብጠው፣ እየተንቀጠቀጡ ቆሙ። ቆባቸውን አወለቁ። ቴራፒስቷ አይታቸው ቢሆን ታጨበጭብ ነበር።

መዝሙሩ ወደ ማለቂያው ሲደርስ አንዱ ስንኝ በ«ኦ» ይጀምራል። ባልቲሞሮች ቡድናቸውን ባጭሩ «ኦስ» ስለሚሉት፣ ስታዲየም ውስጥ እዚያች ቦታ ላይ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኦ!» ብሎ ይጮኻል። ዋሽንግተን ስታዲየም ሲመጡም አይተዉም። የናሽናልስ ደጋፊዎች ይህን እንደ ስድብ ነው የሚያዩት። ባልቲሞሮች ደግሞ፣ ግጥሙ በ1814 የተጻፈው የኛው ፎርት ማክሄንሪ ሲደበደብ ታይቶ ነው፣ በራሳችን መዝሙር ማን ይከለክለናል ይላሉ።

ጋሽ ብርቱካን ከዊልቸራቸው ላይ ባላቸው ጉልበት ሁሉ «ኦ!» አሉ።

ጋሽ ቀዩ ደንግጠው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ከዚያ ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ አንስተው ወረወሩ። ኩባያው ጋሽ ብርቱካንን ስቶ እትዬ ሪችመንድ ጉልበት ላይ አረፈ። ጩኸቱን ኮሪደር ላይ የሰማች አንዲት አዲስ ሐበሻ ልጅ፣ ሰው የሞተ መስሏት የድንገተኛ ጥሪውን ተጫነች። ነርሶች ጋሪ እየገፉ፣ ኦክስጅን ይዘው ደረሱ። የታመመ የለም። እትዬ ሪችመንድ ኩባያውን ከፍ አድርገው «ይቺ የማን ናት?» አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር ሪፖርት መጻፍ ግዴታ ነው። ልጅቷም እንደተማረችው ጻፈች። «ሁለት ነዋሪዎች ተጣልተዋል፤ አንደኛው ዕቃ ወርውሯል።» ቃል በቃል እውነት ነው። እንዲህ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ስታነበው ግን ቢላ የተማዘዙ ይመስላል።

ሥራ አስኪያጇ ከሌላ ስቴት ከመጣች ብዙ አልቆየችም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሥራዋንም ታውቃለች። የነዋሪ ጠብ በሪፖርት ከሰፈረ ነገ ተቆጣጣሪ መጥቶ ምን እርምጃ ወሰዳችሁ ይላል። እርምጃ ወሰደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ውስጥ ቤዝቦል እንዳይከፈት፣ ሠራተኛም የቡድን ምልክት እንዳይለብስ ታዘዘ። ጨዋታ ማየት የፈለገ ክፍሉ ውስጥ የራሱ ቲቪ አለው። ምን ጎደለበት?

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ማታ ማታ የምግብ አሠራር ፕሮግራም ይከፈታል፣ ማንም አያየውም። ለኛ ሥራው ቀለለ፤ ደስ ያላቸውም ነበሩ።

ጋሽ ብርቱካን ራታቸውን ክፍሌ አምጡልኝ ማለት ጀመሩ። ትሪው ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። አንድ ማታ ቲቪያቸው ጠፍቶ አገኘኋቸውና ልክፈትልዎት ወይ አልኳቸው። ኦሪዮልስ በዚያ ዓመት 108 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ነው። «ይህን ጉድ ብቻዬን ልየው?» አሉኝ። ጋሽ ቀዩ ደግሞ በዎከር መሄድ አቆሙ። የየቀኑ ልምምዳቸው ከክፍላቸው እስከ ሳሎን ነበር፤ ሳሎን ምን ሊሠሩ ይሂዱ? ቡድናቸው ሜይ ላይ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ የነበረ ቡድን፣ በዚያው ሰሞን እየተነሳ ነው። የሚያናድዱበት ሰው ግን የለም። እትዬ ሪችመንድ ማታ በጊዜ ይተኙና ሌሊት ተነስተው ኮሪደር ለኮሪደር ይዞራሉ። የሌሊት ሺፍት አማረረ።

የጋሽ ቀዩ ልጅ ስልክ ደወለች። «አባቴን ምን አደረጋችሁት?» አለች። ስደውልለት በፊት ስለዚያ ስለ ባልቲሞሩ ሰውዬ ሩብ ሰዓት ይራገምልኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ ብሎ ይዘጋዋል አለች።

ስልኩን ያነሳችው ሲስተር ነች። ሲስተር የምንላት የፎቁ ኃላፊ ነርስ ነች፤ ጥቁር አንበሳ የሠራች፣ በሁሉም ነገር የማትቸኩል ሴት። ምንም አልተናገረችም። ቁጭ ብላ የሦስቱንም ቻርት አወጣች። ክብደት፣ የምግብ መጠን፣ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የእርምጃ ብዛት፤ ከጁላይ 4 በፊትና በኋላ ብላ ጎን ለጎን ጻፈችው። ለስብሰባ ስትገባ ስለ ቤዝቦል አላነሳችም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ሥራ አስኪያጇ እስክታነበው ጠበቀች።

«አንዳቸው ሌላውን ቢጎዱስ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ወንበራቸውን እናራርቃለን። ኩባያውንም ከጨዋታው በፊት እናነሳለን» አለች ሲስተር። «እነዚህ ሰዎች በየማታው ቀጠሮ ነበራቸው። የሰረዝንባቸው እሱን ነው።»

ከዚያ ሕጉን አነሳች። ነርሲንግ ሆምን የሚገዛው የፌዴራል ደንብ፣ ነዋሪው የሚወደው ነገር ተጠይቆ እንዲመዘገብ፣ የመዝናኛ ፕሮግራሙም ያንን እንዲከተል ያዛል። የሦስቱም መዝገብ ላይ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ቤዝቦል ተጽፏል። ሲስተር «ከሌሎች ጋር ሆኖ» የሚል ጨመረችና ኬር ፕላናቸው (የእንክብካቤ ዕቅዳቸው) ውስጥ አስገባችው። ኬር ፕላን ውስጥ የገባን ነገር ማንም ተነስቶ አይከለክልም። እኔ ብሆን ሥራ አስኪያጇ ፊት ስለ ሽማግሌዎቹ ብቸኝነት ንግግር አደርግ ነበር፤ ተሰምቼ እወጣለሁ፣ ቲቪው ግን እንደተዘጋ ይቀር ነበር። አለቃ ስሜትህን ሰምቶ ሊያልፈው ይችላል። የክብደት መቀነስን ግን፣ ከነቀኑ ከተጻፈ፣ ማለፍ አይችልም። አሁን እኔም ቻርት ስጽፍ «ጥሩ ውሏል» ብዬ አላልፍም፤ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ እጽፋለሁ።

አዲሷን ልጅ ማንም አልተቆጣትም። ሲስተር ጠርታ «ያየሽውን መጻፍሽ ልክ ነው የኔ እህት። በሚቀጥለው ከዚያ በፊትና በኋላ ምን እንደነበረም ጨምሪበት» አለቻት።

ቲቪው ተከፈተ። ጋሽ ብርቱካን ወደ ሳሎን የተመለሱት ቁጣቸውን ሰብስበው ነው፤ የቀረባቸውን ሳምንታት ሁሉ በአንድ ማታ ከፈሉ። ናሽናልስ ደግሞ እያሸነፈ ኦክቶበር ገባ። እትዬ ሪችመንድ በኦክቶበር 9 ቀን አዘኑ፤ የሴንት ሉዊሱ ካርዲናልስ ብሬቭስን፣ ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች (ኢኒንግ) በመጀመሪያው ብቻ 10 አገባበት። ያን ካርዲናልስ ናሽናልስ ጠርጎት ዋንጫው የሚለይበት ወርልድ ሲሪዝ ገባ፣ ከሂዩስተን ጋር። ጋሽ ብርቱካን ሳያፍሩ ለሂዩስተን ሆኑ። «ጎረቤቴ ነው ብዬ አላስመስልም» አሉ።

ኦክቶበር 30 ቀን ሰባተኛው ጨዋታ ነበር። ሺፍቴ ቢያልቅም አልሄድኩም። በሰባተኛው ኢኒንግ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኝ መስመር ምሰሶውን ስትነካ ናሽናልስ መራ፤ በመጨረሻም 6 ለ 2 አሸነፈ። ጋሽ ቀዩ አልጮኹም። ዞረው ጋሽ ብርቱካንን አዩ።

«አንድ ነው» አሉ ጋሽ ብርቱካን። «እኛ ሦስት አለን። 1966፣ 1970፣ 1983።»

«ሁለት ነው። ሴናተርስ በ1924 ያነሳውን ረሳኸው» አሉ ጋሽ ቀዩ።

«የ1924ቱ ሚኒሶታ ነው ያለው። ሄደህ ጠይቃቸው።»

«እሺ። 1983ን ግን አብሬህ ጨፍሬያለሁ። ግማሹ የኔ ነው።»

በማግስቱ ሺፍቴ ስገባ ነገሩ አላለቀም ነበር። ጋሽ ብርቱካን ከሩብ በላይ አልሰጥም እያሉ ነው።